ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አምስት ሰዓት

ሥራ አስኪያጃችን ማዳም ንጄሪ፣ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ በጡረታ ልንሸኝዎ በግድ ወንበር ላይ ያስቀመጥንዎ ምዜ ስዋለህ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ "ምዜ"፣ ሽማግሌው፣ እያልን የምናከብራቸው ሰው ወደዚህ ሆቴል የመጡት ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ነው። የመጡትም በበሩ ሳይሆን በባሕሩ በኩል፣ በአንድ እጃቸው ጫማቸውን፣ በሌላው ለያኔው ሥራ አስኪያጅ ስጦታ የሚሆን ኦክቶፐስ አንጠልጥለው ነው። የዚያን ቀን ተረኛ ዘበኛ እዚህ የተቀመጠው ካሪሳ ነበር። "ዓሣ ሻጭ በጓሮ በር!" ብሎ ወደ ወጥ ቤት ላካቸው። ወጥ ቤቶቹ ደግሞ አዲሱ ረዳት የመጣ መስሏቸው ሽንኩርት አስያዟቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ከተፉ። ሲጨርሱ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ይቅርታ፣ የባሕር አስጎብኚነት ፈተናው ይኼ ነው እንዴ?" አሉ። ካሪሳ፣ አትሳቅ፤ ጥፋተኛው አንተ ነህ።

እኔ ካድዞ፣ በእንግዶች መረጃ ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ሥራዬ ቀላል ነበር፤ እሳቸው ባያከብዱት። እንግዳ መጥቶ "ሞምባሳ ውስጥ ምን የሚታይ አለ?" ሲለኝ፣ ስለ ጥንቱ ምሽግ፣ በአሮጌው ከተማ ስላሉት የተቀረጹ በሮች፣ ስለ ቅመም ገበያው፣ ባሕር ዳር ግመል ስለ መጋለብ መዘርዘር እጀምራለሁ። ምዜ ከኋላዬ ብቅ ይሉና፣ "ተዪያቸው እስቲ ልጄ፣ መጀመሪያ ባሕሩ ይያቸው" ይላሉ። ግመሏንማ አይወዷትም። "ግመል ባሕር ዳር ምን ትሠራለች? መንገድ ጠፍቷት ነው።" እሷም ሳትሰማ አልቀረችም፤ አምና ኮፍያቸውን የበላችው እንዲሁ በባዶ ሜዳ አይመስለኝም።

ወለሉ መስታወት በሆነው ጀልባቸው የሄደ እንግዳ ሁሉ እኛን ያውቀናል። ዓሦቹን በስማችን ነዋ የሚጠሯቸው! "ያ ከድንጋዩ ሥር የማይነቃነቀው ወፍራም፣ የወጥ ቤት ኃላፊያችን ነው። ያቺ እየዞረች ሁሉን የምትቆጣጠረው ደግሞ ማዳም ንጄሪ ናት።" ማዳም፣ ዓሣዋ ቆንጆ ናት፤ ይመኑኝ።

አሮጌው ከተማ የወሰዱትን ሰው ምላስ የሚያቀላውን የባኦባብ ዛፍ ፍሬ ከረሜላ ሳያጎርሱ አይመልሱም። አንድ ጊዜ አንድ ፈረንጅ ምላሱን በመስታወት አየና "ሐኪም ጥሩልኝ!" ብሎ ሆቴሉን አመሰው። ምዜ መጡ፣ የራሳቸውን ቀይ ምላስ አወጡለት፣ "እኔም ይኸው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ታምሜያለሁ" አሉት።

ከሁሉም የከረመው ቀልድ ግን ሌላ ነው። ኮሪደር ላይ አግኝቷቸው "ምዜ፣ ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ያልሳቀ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ አንድም ሰው የለም።

አዲስ ለገባችሁ ላስረዳ። ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ እንግዶች በእግራቸው እስከ አሸዋው ጉብታ ሄደው ኮከብ ዓሣ ያያሉ። ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ምዜ ይነግሩናል፤ እኛ በባሕሩ በር ባለው ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው፣ እንግዶቹ ከእኩለ ሌሊት። ስለዚህ የእኛን አምስት ሰዓት ለእነሱ ስድስት ደምረን "አሥራ አንድ" እንላለን። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ግን ሰሌዳው "እስከ አምስት" አለ። አሥራ ሁለት እንግዶች እስከ ማምሻው ጊዜ ያላቸው መስሏቸው እዚያው ሲዝናኑ፣ ረፋዱ ላይ ውሃው ወገባቸው ደረሰ። ምዜ በትንሿ ጀልባ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው አወጧቸው። አንዷ ሴትዮ ጭራሽ የጉብኝቱ አካል መስሏት፣ "ነገም አለ?" ብላ ጠየቀች።

ማዳም ንጄሪ "ማነው የተሳሳተው?" ሲሉ፣ ምዜ "እኔ ነኝ። ሰዓቱን አሳስቼ ነው ለካድዞ የነገርኳት" አሉ። በዚያ ዓመት የአስጎብኚዎች አለቃ ሊሆኑ ነበር። ቀረ።

ምዜ፣ እጅዎን አያወዛውዙ። አልቀመጥም።

እሳቸው አልተሳሳቱም። "አምስት ሰዓት ላይ ይመለሳል" ብለው በትክክል ነገሩኝ። ስድስት መደመሩን የረሳሁት እኔ ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ልናገር ስል ክንዴን ያዙና፣ "ዝም በዪ። አንቺን ዛሬውኑ ያባርሩሻል። እኔን ግን ባሕሩ ያውቀኛል" አሉኝ። ዝም አልኩ። ይባስ ብዬ እኔም ከእናንተ ጋር "ስንት ሰዓት ነው?" እያልኩ ስቄባቸዋለሁ።

ማዳም፣ ነገ ቢሮዎ ቢጠሩኝ እመጣለሁ። ግን እኚህ ሰው የእኔን ስህተት ተሸክመው ከዚህ በር እንዲወጡ አልፈልግም። ምዜ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንጀራዬን ስላተረፉልኝ አመሰግንዎታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በሰዓት መቀለድ ያማረው ሰው እኔን ይጠይቅ።

ነገ ጠዋት ደግሞ ይምጡ፤ በእንግዳ ወንበር ተቀምጠው ሰሌዳዬን ያርሙልኛል።

በሉ፣ ሁላችሁም የኮኮናት ውሃችሁን አንሡ። ምዜ ስዋለህ፣ ጉልበትዎ አይክዳዎት፣ ጀልባዎ ከውሃ አይለይ፣ ግመሏም አዲሱን ኮፍያዎን ትማርልዎ። አሁን አሥር ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር፤ ውሃው ገና ሩቅ ነው። አይቸኩሉ።

ለምዜ ስዋለህ!