የየኔታን ስም ሲጫኑት

እንደምን ዋልሽ እህተ ማርያም? ኔትወርክሽ ዛሬ ደኅና ነው መሰል፣ ቤቱ ሞልቷል። እኔማ ከገበያ ስመጣ አንዱ ባጃጅ ጭቃውን እስከ ነጠላዬ ረጨኝ… ይሁን፣ የፍኖተ ሰላም ክረምት ነው፣ ምን ይደረጋል። የእሑዱን የአባቴን ሙት ዓመት ጥሪ አትሚልኝ ብዬ ነው የመጣሁ።

ድምፄን ልቀንስ? ለምን፣ እዚያ መስኮት ስር ያለው ወንድማችን እንዳይረበሽ? ማዳመጫ አድርጎ የለ እንዴ… ሽቦው እንኳ ከኮምፒውተሩ አልተሰካም፣ መሬት ወድቋል። ኋላ ትሰኪለታለሽ። አሁን ተይው፣ ይስማ… ሙዚቃውን ማለቴ ነው።

ይልቅስ አንድ ሰው ላመስግንልሽ። ስሙን ተይው፣ ምን ያደርግልሻል። ከአባቴ ዘንድ ቅኔ የተማረ ነው። ያኔ ቁራሽ ሲለምን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮህበታል፣ የእኛ ውሻ ብቻ ጅራቱን ይቆላለት ነበር። ውሻ ሰው ያውቃል ይላሉ… የእኛው ትንሽ ይሳሳት ነበር መሰለኝ። ዛሬ ቢሮ ገብቶ፣ ብሎግ ከፍቶ፣ የጎጃምን ሊቃውንት ቅኔ ለዓለም ያሳያል። አባቴ ታመው ሳሉ ቅኔያቸውን እየነገሩኝ ጻፍሁ፤ እዚሁ ካንቺ ቤት ታይፕ አድርጌ፣ ከእጅ ጽሑፉ ጋር «አደራህን» ብዬ ሰጠሁት። «የየኔታ ገብረሰንበት ቅኔዎች» ብሎ አወጣው። ሲጫኑት ይከፈት ነበር። ቡሬና ደምበጫ ያሉ ተማሪዎቻቸው ከዚያ ነው የሚያነቡ፤ እኔም ናፍቆቴን ከዚያ ነው የምወጣ።

ታዲያ ለብሎጉ አዲስ ስም አወጣለትና ሊንኩ ሁሉ ተበጠሰ። የአባቴን ስም ስጫን «ገጹ አልተገኘም» ይለኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኢንተርኔት ሞኝ አይደለም፣ ይለቃል። እሱ ግን ትጉህ ነው። ግምገማ ላይ እንኳ ትጋቱን ራሱ ነው አሉ የሚመሰክር፣ ሌላ ሰው አያስቸግርም። የተበጠሰውን አንድ በአንድ እየፈለገ ቀጠለው። ትናንት ብጫን… ተከፈተ።

ማን ወጣ መሰለሽ? እሱ። ክራቫት አስሮ፣ ቡሬ አደባባይ ላይ ቆሞ። ከፎቶው ስር «የእኔ ቅኔዎች» ይላል። መቼም ከሞተ አንበሳ ያልሞተ ውሻ ይሻላል ይላል መጽሐፉ… ሰው የሞተ ፍለጋ ከሚንከራተት ያልሞተ… ያልሞተ ሰው ቢያገኝ አይሻልም? ደቀ መዝሙር ከመምህሩ አይበልጥም የሚለው ወንጌልስ ሲጻፍ ብሎግ የት ነበረና።

ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዋን ቅኔ አየኋት። አባቴ ክርስትና የተነሳሁ ዕለት የተቀኙልኝ ናት፤ «ወለትየ ወለተ ሐና»፣ ልጄ ወለተ ሐና የሚለው ግእዝ ሳይነካ እንዳለ አለ። ወለተ ሐና የክርስትና ስሜ መሆኑን ታውቂ የለ? እሱ ደግሞ እንኳን ልጅ ሚስትም የለው። ሳያነብ ገልብጦት ይሆናል ብለሽ ነው? አይ፣ አትጠርጥሪው። ልቡ ሰፊ ነው፣ ከቅኔው ጋር እኔንም ጨምሮ መውሰዱ ነው። እኔ እኮ አባቴ ሞቱ ብዬ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሻለሁ። ለካ ወንድሜ ያልሁት ሰው አባቴ ኖሯል። ታዲያ አባቴ እዚሁ ከተማ ክራቫት አስሮ ሲመላለስ ምን ሙት ዓመት ያስደግሰኛል?

ስቄ ስቄ ኋላ አለቀስሁ፣ አልደብቅሽም። በእጄ የጻፍሁትን ለእሱ ሰጥቼ ከአባቴ የቀረኝ እዚያ ያለው ብቻ ነው።

እሑድ ተማሪዎቻቸው ይመጣሉ። ከዳሱ ስር ስልካቸውን አውጥተው የየኔታን ስም ይጫናሉ። በአባቴ የቅኔ ጉባኤ ላይ የሰው ቅኔ የሚናገር መጀመሪያ የማን እንደሆነ ይጠራል፤ ሳይጠራ ቢገኝ ጓደኞቹ ናቸው የሚፈርዱበት። እኔ ምን ቤቴ። ደግሞ እስከ እሑድ ጊዜ አለ፤ ለሚያውቅበት ሰው ሊንክ ማቃናት የደቂቃ ሥራ ነው አሉ።

እንዴ፣ ወንድማችን ሊሄድ ነው? ዝናቡ ይመታዋል፣ ትንሽ ይቀመጥ እንጂ።

ብቻ ያን ሰው እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ። ትዳር ይስጠው፣ ልጅ ይስጠው፣ የራሱን። ደቀ መዝሙርም አያሳጣው፤ ታሞ አደራ ሲሰጥ የሚቀበለው፣ ሲያልፍ ስሙን የሚጠብቅለት፣ እሱ ለአባቴ የሆነላቸውን ሁሉ ሳያጓድል የሚሆንለት። አሜን በይ እንጂ እህተ ማርያም።