ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይቀዳ ስለቀረው ፕሮግራም

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ተራ፦ ሁለተኛ (ስም በተለየ ቅጽ ተይዟል)
ዕድሜ፦ 49
ሥራ፦ የሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ሠራተኛ
አድራሻ፦ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ
ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ዝምድና፦ ታላቅ እህቱ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡40

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ ትናንት ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ በሪሲቨር መሸጫ ሱቅ ውስጥ ታናሽ ወንድሜና የሱቁ ባለቤት ሲጣሉ በቦታው ስለነበርኩ ያየሁትንና የሰማሁትን እንደሚከተለው እሰጣለሁ። መርማሪው ከጠቡ እንድጀምር ነግረውኛል። ጠቡ ብቻውን ከሰማይ ዱብ ስላላለ ከመጀመሪያው ልጀምር ብዬ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

ባለቤቴ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጃችን ያኔ የዓመት ከመንፈቅ ሕፃን ነበረች። ፎቶ አለን፣ ድምፁ ግን የለንም። ልጄ የአባቷን ድምፅ የምታውቀው እኔ ድምፄን አጎርንኜ "እንዲህ ይል ነበር" ስላት ብቻ ነው። እሷ በተወለደች ሰሞን የቴሌቪዥን ሰዎች ፓምፕ ጣቢያው ድረስ ሄደው ስለ ሥራው አነጋግረውት ነበር። ሲተላለፍ እሱ ሥራ ላይ፣ እኔ አራስ ቤት ስለነበርን አላየነውም። ከሞተ በኋላ ቴሌቪዥን ጣቢያው ሄጄ ቅጂ ብለምን ለግለሰብ አይሰጥም፣ ደብዳቤ ጻፊ አሉኝ። ጻፍኩ። ከአራት ወር በኋላ ስመለስ ደብዳቤ የሚቀበለው ክፍል ፈርሷል ተባልኩ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የባለቤቴ የድሮ ባልደረባ ደውሎ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው የቆዩ ፕሮግራሞችን እየደገመ እንደሆነና ስለ ፓምፕ ጣቢያው የተሠራው በዚህ ሳምንት ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚታይ ነገረኝ። በዚያ ሰዓት እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ልጄ ደግሞ ፈተና ላይ ናት። ደግሞስ አንዴ አይቼው ምን ሊሆነኝ ነው? የፈለግኩት ቤቴ ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ልጄ ባሰኛት ሰዓት ከፍታ አባቷን እንድትሰማው ነው። እኛ ቤት ያለው ቴሌቪዥን በቤት ውስጥ አንቴና አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል፣ እሱንም ነፋስ ከነፈሰ አይይዝም። ስለዚህ ዲሽና፣ በየወሩ የማይከፈልበት፣ እኔ በሌለሁበት በራሱ ተነስቶ የሚቀዳ ሪሲቨር መግዛት ነበረብኝ። በዕድሜዬ ሪሲቨር ገዝቼ አላውቅም።

ወንድሜ ጎሚስታ ነው፣ ሥራው ጎማ መጠገን ነው። ሰፈሩ ግን "ኢንጂነሩ" ይለዋል፤ ከዓመታት በፊት የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ ሲገጥመው ስለሠራ ነው። ምኑን እንደነካው እስከ ዛሬ እሱም አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን እሱ የማያውቀው ዕቃ የለም። ጉዳዩን ስነግረው "ለእኔ ተዪው እታለም" አለኝ። ለእሱ ብተወው ኖሮ ዛሬም እየመረጥን ነበር።

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እግሬ እስኪቀጥን ሱቅ ለሱቅ አዞረኝ። በየገባንበት "ቱነሩ ስንት ነው? ዋይፋይ ይይዛል? ፎር ኬ ነው?" ይላል። የእኛ ቴሌቪዥን ከኋላው እንደ ሻንጣ ያበጠው የድሮው ዓይነት ነው። ይህንን ባስታውሰው "ለወደፊቱ ነው" ይለኛል። እኔ የምፈልገው ለሐሙስ ነው። ልቤን አወለቀው። ሻጮቹም ከእሱ አይሻሉም። "ይቀዳል?" ስል ሁሉም "በደንብ እንጂ" ይላሉ፤ "እስቲ ቅዳና አሳየኝ" ስል ሪሞቱ ባትሪ የለውም።

በመጨረሻ የገባነው ይህ ጠብ የተፈጠረበት ሱቅ ነው። ባለሱቁ ወንድሜን እስኪጨርስ ሰማውና ወደ እኔ ዞሮ "እትዬ፣ ምን ሊቀዱበት ነው?" አለኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህንን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ነገርኩት። ከመደርደሪያው አራት ሪሲቨር አውርዶ ፊቴ ደረደረ። አንደኛው ካርቶኑ ላይ ይቀዳል ተብሎ ተጽፎበታል፣ ግን ሌላ ኮድ ካልተገዛለት አይቀዳም አለ። ሁለተኛው የሚቀዳው ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ ብቻ ነው፣ ሰዓት ሞልተውለት መሄድ አይቻልም። ሦስተኛው በሆዱ ትልቅ ማስቀመጫ ያለው፣ ሲሠራ የሚያጉረመርም ግዙፍ ነገር ነው። አራተኛዋ ትንሽ ጥቁር ናት፤ ፊት ለፊቷ የፍላሽ መሰኪያ አላት፣ ቀንና ሰዓት ይሞላላታል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሷ ነቅታ ፍላሹ ላይ ትቀዳለች። ወንድሜ ሦስተኛው ካልሆነ አለ። ልጄ መቅጃ እንጂ ወፍጮ አልፈለገችም ብዬ አራተኛዋን ወሰድኩ። ወንድሜ እስከ ቤት ድረስ አኩርፎ ነው የሄደው።

ማክሰኞ ባለሱቁ ራሱ መጥቶ ዲሹን በረንዳው ላይ ተከለ፤ ጣቢያውን ፈልጎ አገኘ፤ የሐሙሱን ሰዓትም ከ8፡50 እስከ 10 ሰዓት አድርጎ ሞላልኝ። ለሙከራ አሥር ደቂቃ የአየር ሁኔታ ቀድተን አየን፣ ጥርት ያለ ነው። ሊሄድ ሲል እንዲህ አለኝ፦ "እትዬ፣ ሲወጡ በሪሞት ብቻ ያጥፏት። ይቺ ቀይ መብራት ሁልጊዜ መብራት አለባት። ቀይዋ ከጠፋች እሷም ሞታለች፣ ሰዓት ቢደርስ አትሰማም።" እሺ አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ፣ ካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ "ቀይ መብራት አይጥፋ" ብሎ ጻፈበት። ወንድሜ ካርቶኑን ብሎን ሊያስቀምጥበት ወሰደው።

መርማሪው ወደ ፍሬ ነገሩ እንድገባ አሳስበውኛል። ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም።

ሐሙስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጥቼ ወደ ሥራ ሄድኩ። ከቀኑ 11፡40 ስመለስ ልጄ ከደረጃው ሥር ደብተሯን እንደያዘች ቆማ ጠበቀችኝ። ብቻዋን እንዳትከፍተው ስላስማልኳት ቤት እንኳን አልገባችም። ከፈትነው። የተቀዳው ዝርዝር ውስጥ የማክሰኞው የአየር ሁኔታ ብቻ አለ። ሰዓቱም አሥራ ሁለት ላይ ቆሞ ብልጭ ድርግም ይላል። ልጄ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ወንድሜን ጠራሁት። ሰዓቱን ሲያይ "አየሽ፣ ሰዓት እንኳን መያዝ የማትችል ቆሻሻ ነው የሸጠልሽ። ሦስተኛውን ብዬሽ ነበር" አለኝ። እውነቴን ነው፣ እኔም አመንኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር።

ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ ወንድሜ ሪሲቨሯን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ሱቁ ሲገሰግስ ከኋላው ተከተልኩት። ስንገባ ባለሱቁ ብቻውን ነበር። ባንኮኒው ላይ ለደንበኛ የሚያሳይባት፣ ከእኔዋ ጋር አንድ ዓይነት የሆነች ሪሲቨር ከግድግዳው ቴሌቪዥን ጋር ተገናኝታ ትሠራለች። ባለሱቁ እኔን ሲያይ ፊቱ በርቶ "እንኳን መጡ እትዬ፣ ልደውልልዎት" ብሎ ጀመረ። ወንድሜ አላስጨረሰውም። "አንተ ሌባ፣ የሙት ልጅ ዕንባ ትበላለህ?" አለው። ባለሱቁ "ቆይ አንዴ፣ አንዴ ስማኝ" እያለ ባንኮኒው ላይ ወዳለችው ሪሲቨር እጁን ሰደደ። ወንድሜ ሊመታኝ ነው ብሎ እንዳሰበ ነግሮኛል። እኔ ያየሁት ግን ሰውየው እጁን የሰደደው ወደ ፊቷ፣ ፍላሹ ወዳለበት መሆኑን ነው። ወንድሜ የባንኮኒዋን ሪሲቨር ከነገመዷ ነቅሎ መሬት ላይ ፈጠፈጣት፣ በጫማውም ረገጣት። ባለሱቁ ደረቱን ገፋው። ወንድሜ በቡጢ አፉን መታው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደማ። ጠቡን የጀመረው ማን ነው ተብዬ ተጠይቄ፣ ወንድሜ ነው ብዬ መልሻለሁ።

ከዚያ ባለሱቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን በእጁ እንደያዘ፣ ወንድሜን ትቶ ለእኔ እንዲህ አለኝ፦ "እትዬ፣ ሐሙስ ፕሮግራሙን እኔም እዚህ ቀድቼልዎት ነበር። ምናልባት ሰፈርዎ መብራት ቢጠፋ ብዬ። እዚያችው ውስጥ ነው።" መሬት ላይ የተሰባበረችውን አሳየኝ። ፖሊስ መጥቶ ወንድሜን ሲወስደው፣ ፍላሹንም ከስብርባሪው ውስጥ ለይቶ በማስረጃነት ወሰደ። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ጫፉ ተጣሞ ነበር። ዓይኔ ፍላሹ ላይ ብቻ ነበር፣ ወንድሜ ሲወጣ አላየሁትም።

ወንድሜ ትናንት ማታ በፖሊስ ጣቢያው ስልክ ደውሎ "ዕቃው ብልሹ ነው በያቸው፣ ሌላ ነገር እንዳትናገሪ" ብሎኛል። እንዳለኝ ልናገር ነበር። ዛሬ ጠዋት 2፡50 ላይ ልጄን ይዤ ወደዚህ ለመምጣት ስወጣ ግን ይህ ሆነ። በሩ ላይ ጫማዬን አድርጌ፣ ቦርሳዬን አንግቤ፣ ቀኝ እጄ በራሱ ሄዶ ከበሩ ጀርባ ያለውን፣ ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሯ የሚሰኩበትን የዲቫይደር ማጥፊያ ጠቅ አደረገው። እኔ አላዘዝኩትም። በምሠራበት የልብስ እጥበት ክፍል አንዴ ካውያ ሳይነቀል ቀርቶ እሳት ተነስቶ ነበር። ከዚያ ጊዜ አንስቶ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መጨረሻ የሚወጣ ሰው ኤሌክትሪኩን ሁሉ አጥፍቶ ይወጣል፣ መጨረሻ የምወጣውም እኔ ነኝ። ቤቴም እንደዚያው ነው። ሐሙስ ጠዋትም አጥፍቼዋለሁ። ማታ ስገባ ደግሞ መልሼ አብርቼዋለሁ፣ ሁለቱንም ልብ አላልኩም። ሰዓቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነበር። በሩ ላይ እጄን ማጥፊያው ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። ልጄ "እማ፣ ምን ሆንሽ?" ብትለኝ ማጥፊያውን አሳየኋት።

ስለዚህ ሪሲቨሯ ምንም አልሆነችም። ባለሱቁ አላታለለኝም፣ አስጠንቅቆ ነግሮኛል፣ ጽፎልኛልም። በመንገዴ ካርቶኑን ከወንድሜ ቤት አንስቼ፣ ብሎኖቹን አራግፌ ይዤ መጥቻለሁ፣ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝልኝ። በእኔ ጥፋት ወንድሜ የመታው ንጹሕ ሰው ነው። ለሁለት ቅዳሜ ጨጓራዬን ሲልጠው የነበረው እሱ ነው ብዬ ነበር፣ ለካስ ጣጣው ሁሉ የእኔ እጅ ነው። ይህን ስናገር መርማሪው እርግጠኛ መሆኔን ደግመው ጠይቀውኛል። ነኝ።

ቃሌን እየሰጠሁ ሳለ የፍላሹ ይዘት እንዲረጋገጥ ባለሱቁ ተጠርቶ ገባ። ከንፈሩ አብጧል። ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ። መርማሪው የተጣመመውን ጫፍ በመቆንጠጫ አቅንተው ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ሁለት ጊዜ እምቢ አለ፣ በሦስተኛው ተከፈተ። በእኔ ጥያቄ ልጄ ከኮሪደሩ ተጠርታ ገባች። ባለቤቴ በፓምፑ አጠገብ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ቆሞ ይታያል። ጋዜጠኛው ሥራው ይከብድ እንደሆነ ሲጠይቀው ሳቀና፣ "ይሄኛው ምን አለው፣ ሲበቃህ ታጠፋዋለህ። ቤት አንድ አራስ ልጅ አለችኝ፣ እሷ ናት ማጥፊያ የሌላት" አለ።

ልጄ "እኔን ነው?" አለችኝ። አዎ አንቺን ነው አልኳት። ቀጥላ "እማ፣ ድምፁ ቀጭን ነው እኮ" አለች። እውነትም ቀጭን ነው። እኔ ነኝ ያወፈርኩት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ። እንደገና ይከፈትልን ብላ ጠየቀች፣ ተከፈተላት። በዚህ ምክንያት ቃል መቀበሉ ከ4፡30 እስከ 5 ሰዓት ተቋርጦ ነበር።

ፍላሹ ጉዳዩ እስኪያልቅ በማስረጃነት እንደሚቆይ ተነግሮኛል። ባለሱቁ ግን ግልባጩ ለልጅቷ እንዲሰጥ እንደማይቃወም በራሱ አፍ ተናግሯል። እኔም በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። "መብራት ነው የሚጠፋው ብዬ ነበር የፈራሁት" አለኝ።

ይህ ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ የተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ወንድሜን ለማዳን የቀነስኩት፣ ራሴን ለመሸፈን የደበቅኩት ነገር የለም። ስለ ኢንጂነርነቱ የተናገርኩት እንዲሰረዝልኝ ብጠይቅም የተነገረ ቃል አይሰረዝም ተብያለሁ፤ እንግዲያው እውነት ስለሆነ ይቆይ ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ……………
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ……………
ተያያዥ፦ "ቀይ መብራት አይጥፋ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ባዶ ካርቶን፣ አንድ