የሀጂ አብዱልቃዲር ታችኛው ወለል

በጭሮ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ሀጂ አብዱልቃዲርን ያውቃል፤ ቆርቆሮውንና ብረቱን የሸጡለት እሳቸው ናቸውና። ከተማዋን እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ «አሰበ ተፈሪ» እያሉ የሚጠሩ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ ግን አስቀድመው የሚጠረጥሩ ሰው ናቸው። ከመናኸሪያው በላይ የጀመሩት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሊያልቅ ሲቃረብ አራተኛ መጨመር አማራቸውና ፈቃድ ሊጠይቁ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። የወጡት ተናደው ነው።

ያናደዳቸው የከተማው ምክር ቤት ያወጣው አዲስ ደንብ ነበር። ፎቅ መጨመር የሚፈልግ ባለ ሕንፃ ከታችኛው ወለል ሰፋ ያለ ክፍል ለይቶ፣ ለተውኔት፣ ለሙዚቃ፣ ለሥዕልና ለእጅ ጥበብ ሠሪዎች በአነስተኛ ኪራይ ለአሥር ዓመት እንዲሰጥ ይጠየቃል። እሺ ካለ ፈቃዱን ያገኛል፤ የመሬት ኪራዩም ይቀነስለታል። ሀጂ ነገሩን እስከ መጨረሻው ለመስማት እንኳ ትዕግሥት አልነበራቸውም።

ወደ ሱቃቸው ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና ቅርብ ወደነበረው ወፍጮ ቤት ገቡ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ወፍጮው ጸጥ ብሏል። በጆንያዎቹ መሐል አንዲት ልጅ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ተፋጣለች። «ከአባታችን መሬት ድርሻዬን የነፈግኸኝ ሴት ስለሆንኩ ነው?» ትለዋለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ሀጂ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸውና ዝም ብሎ ማየት አልሆነላቸውም። መሐላቸው ገብተው፣ «ተይ ልጄ፣ እንዲህ ያለው በሽማግሌ ነው የሚያልቀው፤ አንተም ወንድሟ ከሆንክ አላህን ፍራ» አሉ።

ወጣቶቹ ሳቃቸውን አፍነው አንገታቸውን ደፉ። ለካ የተውኔት ልምምድ ኖሯል። ሀጂ ነገሩ ገብቷቸው ሳያበቃ መብራት መጣ፤ ወፍጮው ማጓራት ጀመረ፤ የልጅቱም ንግግር በዚያው ተቋረጠ። ሁሉም ያለ ምንም ቅሬታ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ በረንዳው ወጡ። የለመዱት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

ከመሐላቸው አንዷ ቀረብ ብላ «አሰላሙ አለይኩም፣ ሀጂ» አለች። የሟች ወዳጃቸው የኢርሻድ ልጅ ነስሪን ነበረች። አዲስ አበባ ቴአትር ተምራ እንደተመለሰች ሰምተው ነበር። የሚለማመዱት መብራት በጠፋ ጊዜ ብቻ መሆኑን፣ ባለ ወፍጮውም ቦታውን በቅርቡ ለመጋዘን ሊያከራየው እንደሆነ፣ ከጓደኞቿም ግማሹ ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ እያሰቡ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሀጂም በበኩላቸው የማዘጋጃ ቤቱን ነገር በምሬት አጫወቷት። ደንቡ እንዲወጣ ምክር ቤቱን ከለመኑት አንዷ እሷ መሆኗን ግን አልደበቀቻቸውም።

ሀጂ ትክ ብለው አዩዋት። «እንግዲያው አንቺው አስረጂኝ፣ ልጄ። ሰው ውሃና መንገድ እያለ በሚጮህበት ከተማ መንግሥት ለጨዋታ ቤት ይፈልጋል?»

«ልክ ነዎት፣ ውሃና መንገድ ይቀድማሉ» አለች ነስሪን። «ለዚህም ነው ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ልሥራ ብሎ የውሃውን ገንዘብ ያልነካው። በእጁ ያለው ፈቃድና መሬት ነው፤ እነሱን ሰጠ። እርስዎ ፎቅ ያገኛሉ፣ እኛ መለማመጃ እናገኛለን፣ ከከተማው ካዝና የሚጎድለው ከመሬት ኪራዩ የሚቀነሰው ብቻ ነው።»

«ጨርቅ ሻጩስ? ቅመም ሻጯስ? እነሱም በርካሽ አከራየን ቢሉኝ ምን ልመልስ ነው?»

«ጨርቅ ሻጭ ዛሬ ሱቅ ከፍቶ ዛሬ ይሸጣል። እኛ አንድ ተውኔት ለሰው እስክናሳይ ወራት ይፈጅብናል። በገበያ ዋጋ ከተከራየን ሥራው ሳይወለድ ይሞታል። በነፃ ስጡን ግን አላልንም። የምንችለውን እንከፍላለን፤ ባለቤቱ ነገ ውጡ እንዳይለን ብቻ ዋስትና እንፈልጋለን።»

ሀጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከሁሉ የሚያስፈራቸውን ነገር ለመጨረሻ ነበር ያቆዩት። «ወጣት የተሰበሰበበት ባዶ ክፍል በዚህ አገር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ወር ሳይሞላው የጫት መቃሚያ ቤት ነው የሚሆነው።»

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሽማግሌን ሥጋት ኋላ ቀርነት ብሎ ይንቀዋል። ነስሪን ግን አልናቀችውም። «ይህን እኔም እፈራለሁ» አለች። «ደንቡም በደንብ አላሰበበትም። እርስዎን የመሰለ ሰው የሚያስፈልገን ለዚሁ ነው።»

ዝናቡ እያባራ ነበር። ሀጂ ግን አልተነሡም። ሳያስቡት ስለ ትንሿ ልጃቸው ስለ ኢንሳፍ ሠርግ ያወሩ ጀመር። ዘፋኞቹን ከሩቅ አስመጥተው፣ ድምፅ ማጉያው ጆሮ እስኪያደነቁር ጮኾ፣ የሀጂ እናት ሙሽራ ሲሸኙ ይሉት የነበረውን ዜማ የሚያውቅ አንድም ሰው ጠፋ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

«እማማ ሳጂዳ እኮ ያውቁታል» አለች ነስሪን። «ለምን ለልጆች እንደማያስተምሩ ሄደው ይጠይቋቸው።»

ሀጂ በማግስቱ ሄዱ። ሳጂዳ በወጣትነታቸው በከተማው ሠርግ ሁሉ ከበሮ ይዘው ፊት የሚወጡ ሴት ነበሩ። አሁን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የሰፈሩ ልጃገረዶች ዜማውን ሊማሩ ይመጡ እንደነበር፣ ጎን ያሉት ተከራዮች ግን ከበሮው ሕፃን ይቀሰቅስብናል ብለው ስለከሰሱ አከራዩ እንደከለከላቸው ነገሯቸው። በማንም አልፈረዱም።

«ልጆቹ መማር አይጠሉም፣ ሀጂ» አሉ። «መቀመጫ ነው ያጡት። ግጥሙ ያለው እኔ ጋ ነው፤ እኔ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል።»

ሀጂ ተሰናብተዋቸው ወጡ። በመንገዳቸው ላይ የእናታቸው ዜማ መጀመሪያው ትዝ እያላቸው መጨረሻው ጠፋባቸው። ሰው ንብረት ሲጠፋበት ይጮኻል፤ እንዲህ ያለው ሲጠፋ ግን ማንም ሳይሰማው እንደሚሄድ ያን ዕለት ገባቸው።

ማዘጋጃ ቤት ተመልሰው የገቡት ቁጣቸውን አራግፈው ነው፤ ባዶ እጃቸውን ግን አልነበረም። ክፍሉን እሰጣለሁ፣ ነገር ግን ይህ ይጻፍልኝ አሉ። በክፍሉ ውስጥ አይቃምም። የሴቶች ሰዓት ተለይቶ ይከበራል። ማን ገብቶ ማን እንደሚወጣ ሹም ብቻውን አይወስንም፤ ተጠቃሚዎቹ፣ ጎረቤቱና የሃይማኖት አባቶች ያሉበት ኮሚቴ ይወስናል። የሳምንቱ ተራ ለሁሉ እንዲታይ በር ላይ ይለጠፋል። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ሲያዳምጡ ቆይተው ይህ ለእርስዎ ሕንፃ ብቻ የሚያስፈልግ ሳይሆን ከደንቡ ራሱ የጎደለ ነው አሏቸው፤ ምክር ቤቱም ተቀብሎ ጨመረው። ከሚያጨበጭብ አሥር ሰው ይልቅ ጠይቆ፣ ተከራክሮ የገባ አንድ ሰው ለሕግ የሚጠቅመው እንዲህ ነው።

ሕንፃው አለቀ። በታችኛው ወለል ጧት ጧት የሳጂዳ ልጃገረዶች ከበሮ ይመታሉ። ከሰዓት በኋላ የመንዙማ ቡድን፣ በሌላ ቀን ደግሞ ሥዕልና ጽሑፍ የሚማሩ ይገቡበታል፤ አመሻሹ የነስሪን ጓዶች ነው። ወደ ድሬዳዋ ሊሄዱ ያሰቡት ቀሩ። ተውኔት ባለበት ምሽት ጎን ያሉት ሻይ ቤቶች ወንበር አይበቃቸውም፤ ሀጂ ጫጫታው ተከራይ አባሮ ይዘጋብኛል ብለው በልባቸው የፈሩለት ላይኛው ፎቅም ተከራይ አላጣም። የሳጂዳ ተማሪዎች ገለምሶና ቦርደዴ ድረስ ለሠርግ ይጠራሉ፤ የድካማቸውንም ያገኛሉ። አንዳንድ ችግር አልጠፋም። አንድ ቡድን በተራው ሳይመጣ እየቀረ ክፍሉን ቆልፎ ያስቀምጥ ነበርና ኮሚቴው አስወጣው፤ ቅሬታም ተነሣ፤ ግን በዚያው ተነጋግረው ጨረሱት።

ወሬው ጎረቤት ከተማ ሂርና ደረሰና የዚያች ከተማ ሰዎች ይህን ነገር በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። ሀጂ ራሳቸው ተቀብለው አስጎበኟቸው። ከተማ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ ፈቃድ፣ መሬትና ባዶ የተቀመጠ አዳራሽ አያጣም፤ በእነዚህ ተደራድሮ ጥበበኞቹን በአገራቸው ማስቀረት ይችላል እያሉ፣ ነስሪን ያስረዳቻቸውን እንደ ራሳቸው ሐሳብ አድርገው ተረኩላቸው። ነስሪንም የእኔ ነው ሳትል ከኋላ ሆና ሰማች።

አመሻሹ ላይ እንግዶቹ አዲሱን ተውኔት ለማየት ተቀመጡ። መድረክ ላይ ነጭ ጢም ያደረገ አንድ ባለ ሕንፃ ወጣ። ዘፋኞች ቤት ሲለምኑት፣ ዝናብ በማይዘንብበት ቀን ጣሪያዬ ላይ ተለማመዱ ይላቸዋል። ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጥ አድርጎ በስርቆሽ ወደ ሀጂ አብዱልቃዲር ተመለከተ። ነስሪንም ከመጋረጃው ኋላ አጮልቃ አየቻቸው።

ከሁሉ ቀድመው የሳቁት ሀጂ ነበሩ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ተከተላቸው። ሳቁ በረድ ሲል አጠገባቸው ወደተቀመጠው የሂርና ሰው ዘንበል አሉ።

«ሰውየውን አውቀዋለሁ» አሉት። «ክፉ አይደለም። ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው አጥቶ ነው።»