ሁለት ላይ የሚወጉት ሰው

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦች፣ የተከበራችሁ የጋሽ ገብረ አማኑኤል ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ለደም ምርመራ መጥታችሁ ምግቡ ሸቷችሁ የገባችሁ ወገኖች፤

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ዛሬ ጭብጨባ የለም። እልልታም የለም። ደስ ያለው ሰው እጁን ወደ ላይ ያወዛውዝ፤ በጣም ደስ ያለው ሁለቱንም። በሩ አጠገብ ከእናቷ ከዓሲያ ጋር የተቀመጠችው ረውዳ ድንገተኛ ጩኸት አትወድም። እሷ ደግሞ ዛሬ ከጋሽ ገብረ አማኑኤል እኩል የክብር እንግዳ ናት። ጋሼ፣ እንዳይከፋዎ። ይህች ልጅ ክንዷን ለመርፌ ስትሰጥ የኖረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጡረታ ወጣ። ላለፈው አንድ ወር ላቦራቶሪያችን የተጨነቀው በዚሁ ነው፦ ከእንግዲህ ለማን ትሰጥ? እደርስበታለሁ።

በቅድሚያ ግን አመጣጥዎን ልናገር። ያኔ እኔ፣ ተተኪዎ ይታየሽ፣ በእናቴ ጀርባ ላይ ስለነበርኩ በዓይኔ አላየሁም፤ ሰቆጣ ግን አልረሳችውም። የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀጭን ጎልማሳ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አቅፎ ከኮረም በእህል መኪና ይመጣል። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር "አይዞህ" ይለዋል። አንዲት እናት አንጀታቸው አልቻለም።

"ልጄ፣ እናቱስ?"

"እናት የለውም።"

"ውይ፣ አፈር ስሆን! እስቲ ፊቱን አሳየኝ።" ጋቢውን ገለጥ ያደርጋሉ። "ኧረ በማርያም! አንድ ዓይን ብቻ!"

"አንድ ቢሆንም፣ እማማ፣ ከእኔና ከእርስዎ አራት ዓይን ይበልጥ ያያል።"

የወረዳችን የመጀመሪያው ማይክሮስኮፕ እንዲህ አድርጎ ገባ። እኚያ እናት ለዓመታት ገበያ ላይ ባገኙዎት ቁጥር "ልጁ እንዴት አደገ?" ይሉዎት ነበር አሉ። እርስዎም "ደህና ነው፣ ወባ ይቆጥራል" ይሏቸዋል።

ስለ መቁጠር ካነሳን፣ ጋሼ የመሪጌታ ልጅ ናቸው። የደም ቱቦ ላይ ቁጥር የሚጽፉት በግዕዝ ነው። የጥናቱ ናሙና አዲስ አበባ በደረሰ ማግስት ስልክ ተደወለ።

"ጋሼ፣ ቱቦዎቹ ላይ የጻፉት ነገር ምንድን ነው? ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ።"

"ቁጥር ነዋ።"

"የምን ቁጥር?"

"ያገርሽ!"

ጥናት ያልኩት ከሁለት ዓመት በፊት የመጣውን ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፦ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ደም ውስጥ ከሌሎች ልጆች የሚለያቸው ምልክት ይገኝ ይሆን? ቢገኝ ዛሬ ዓመታት ጠብቀን በጠባያቸው ብቻ የምንለየውን ቶሎ እናውቀው ነበር። ከጎረቤት ወረዳዎች፣ ከጽጽቃም ከደሃናም፣ ልጆች መጡ። ለማነጻጸሪያም ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆች ተፈለጉ። ሹፌራችን ያሲን ልጁ ለዚህ የተመረጠ ዕለት "ልጄ ሞዴል ሆነ" ብሎ ለሰፈሩ ድግስ ሊጠራ ምንም አልቀረውም። ያሲን፣ አትሸሽ፣ አይቼሃለሁ።

አሁን ወደ ወንጀሉ እንግባ።

እርስዎ ለመጣ ሰው ሁሉ "ሦስት ስል ነው የምወጋህ" ይላሉ። "አንድ… ሁለት…" ብቻ! መርፌው ገብቷል። ዳኛ ወግተዋል፣ ቄስ ወግተዋል፣ ሼኽ ወግተዋል፤ ሁሉንም ሁለት ላይ። ይህ ማታለል አይደለም ወይ ብዬ ብጠይቅዎ ምን አሉኝ? "ይታየሽ፣ ሰው ሦስት ላይ ድንጋይ ይሆናል። ሁለት ላይ ገና ሥጋ ነው።" እኔም አምኜ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ላይ ስወጋ ኖርኩ። በሰቆጣ ሦስት ሲባል የሰማ ክንድ አልነበረም።

ረውዳ እስክትመጣ።

ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አትናገርም። በእናቷ ሱቅ ሳሙናውን በየቀለሙ ትደረድራለች፤ ገዢ ከመሃል ከመዘዘ ትቆጣለች፣ ዓሲያም ከዳር መሸጥ ለመደች። ለዓሲያ ያልተባለ የለም። "በእርግዝናሽ ደንግጠሽ ነው" ያላት አለ። "ሱቅ ሱቅ ስትይ ልጅሽን ማነጋገር ረስተሽ ነው" ያላት አለ። እሷ የልጇን ደም የሰጠችው ለሳይንስ ብላ አልነበረም። ደሙ እንዲመሰክርላት ነበር።

ጋሼ እንደ ልማድዎ ቆጠሩ፣ እንደ ልማድዎ ሁለት ላይ ወጉ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ደሙ ተቀዳ፣ ጥጥ ተደረገ፣ "በይ ሂጂ የኔ ልጅ" ተባለች። አልተነሳችም። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። እናቷ ስትስባት ረውዳ ጆሮዋን በእጇ ደፍና ጮኸች። ውጪ ሰልፉ ያጉረመርማል። አንዱ ከረሜላ አመጣ፣ ሌላው ጸበል ይላል፣ እኔ ብልሂቱ ደግሞ "እንግዲህ ሕመሙ ነው፣ ምን ይደረጋል" አልኩ። እርስዎ ብቻ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ፊትዎ ቲማቲም መሰለ፤ ጎንበስ ብለው በቀስታ፦

"ሦስት" አሉ።

ልጅቷ ተነሥታ ሄደች።

እጃችሁን አወዛውዙ እንጂ!

በዚያው ዕለት ከወንበሩ በላይ "ሦስት ሳይባል አይወጋም" ብለው ለጠፉ። መከራው የጀመረው ያኔ ነው። ሕዝቡ ለምዷል፤ ሁለት ሲባል ዘሎ ይነሳል። ያሲን የደም ምርመራ ሊያደርግ መጥቶ "ጋሼ፣ ምን ነካዎት? እንደ ጥንቱ ሁለት ላይ ይውጉኝና ልሂድ!" ብሎ ጮኸ።

ዓሲያ ግን በየሳምንቱ ትመጣለች። "ጋሼ፣ ደሙ ምን አለ?" ጥናቱ ለአንድ ሰው ውጤት አይሰጥም፤ ምልክቱም ገና እየተፈለገ ነው። አንጀቴ ስላልቻለ "'ደሙ ነጻ አውጥቶሻል' ቢሏትስ? ማን ያውቃል?" አልኩዎ። የመለሱልኝን አልረሳም፦

"ይታየሽ፣ እዚህ ቤት ሁለት ላይ መውጋት ቀርቷል።"

ከዚያ አስቀምጠው ነገሯት። "ዓሲያ፣ ደሙ እያወራ ይሆናል፤ የቋንቋውን ፊደል ግን እኛ ገና አልቆጠርንም። ዘንድሮም ለከርሞም ላይገባን ይችላል። ጥፋቱ ያንቺ አለመሆኑ ግን ደም አያሻውም። ኦቲዝም በእናት ድንጋጤ አይመጣም፣ በሱቅ ሥራም አይመጣም። ይህ ከታወቀ ቆይቷል፤ ሳይነግሩሽ ቀርተው ነው።" ዓሲያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

እርስዎ ግን በዚህ መች አበቁ? በየገበያው ቀን ሱቋ ሄደው፣ ሰው እስኪሞላ ጠብቀው፣ በቅዳሴ ድምፅዎ ይህንኑ ያውጃሉ። ባዶ እጅ መመለስ ነውር ነውና ሳሙና ይገዛሉ፤ ከዳር። ላቦራቶሪያችን እስከ እኔ ጡረታ የሚበቃ ሳሙና አለው።

አሁን ወደ ዛሬ ጠዋት። የረውዳ ሁለተኛ ዙር ዛሬ ነበር። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ናሙና ለጥናቱ አይረባም፤ የዓሲያ የሁለት ዓመት ትዕግሥት ያለው አንዲት ቱቦ ላይ ነው። እኔ ደግሞ አምና ወባ ተጠርጥሮ ልቀዳት ስል ጠረጴዛ ሥር ገብታብኛለች። "ለዛሬ ብቻ ይውጉልን" ብዬ ለመንኩ። "ዛሬ እኔ ብወጋት፣ ነገ ስትታመም ማን ጋ ትሂድ?" አሉኝ። ወር ሙሉ በገዛ ክንድዎ ሲያለማምዱኝ ከርመዋል።

"ገና! ሁለት ላይ እጅሽ ይንቀሳቀሳል! ከማን ነው የተማርሽው?"

"ከእርስዎ ነዋ!"

ጠዋት ረውዳ ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች። እርስዎ ውጪ ቆመዋል፣ ሳል እንዳያመልጥዎ አፍዎን በጋቢ ይዘው። "ሦስት ላይ ነው" አልኳት። ቆይታ፣ ቆይታ እጅጌዋን ሰበሰበች። "አንድ" አልኩ። "ሁለት" አልኩ፤ እጄ በልማዱ ሊሄድ ሲል ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ከየት ትምጣ? ረውዳ አየችኝ። ይህች ደግሞ መቁጠር አትችልም ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ በሌላኛው እጇ ሦስት ጣት አወጣች።

"ሦስት" አልኩ። ቱቦው ሞላ።

ከበሩ ውጪ አንድ ሰው ሲናፈጥ ተሰማ። ጋሼ "ያሲን ነው" ሲሉ ውለዋል። ያሲን በዚያ ሰዓት አምቡላንስ እያጠበ ነበር።

ጋሼ፣ ቀልዱን ላቁም። መርፌ ከእርስዎ ተማርኩ፤ እሱን ሌላም ያስተምረኝ ነበር። ስልሳ ሊሞላው የቀረበ ሰው የሠላሳ ሁለት ዓመት ልማዱን በአንዲት ሕፃን ፊት ተሳስቻለሁ ብሎ ሲጥል ግን ሌላ ቦታ አላየሁም። ስለዚህ እናመሰግንዎታለን። ዓሲያ እንድነግርላት የላከችኝን አልነግርም፤ ራሷ ትነግርዎታለች።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ጠላ የያዘ ጠላውን፣ ብርዝ የያዘ ብርዙን። ጉልበትዎን የደብረ ፀሐይ አቀበት ሳይሆን ሜዳ ይግጠመው፤ ዓይንዎ እንደዚያ እንደ አንድ ዓይኑ ልጅዎ ይሁን፤ የልጅ ልጅ ይቁጠሩ፣ በግዕዝም ቢሆን። ቆጠራውን እኔ እጀምራለሁ፣ የምትጨርሰው ረውዳ ናት። ጣቷን እስክታወጣ ማንም እንዳይቀምስ።

አንድ… ሁለት…

ጋሼ! እርስዎም? ብርጭቆዎን ያውርዱ። እንጠብቃት።