በደልጊው የጋዝ ጉድጓድ ቫልቭ ላይ ስለተገኘው ጓጉንቸር

የምስክር ቃል

ስም፦ የሺአረግ ቢያዝን
ዕድሜ፦ 51
አድራሻ፦ ደልጊ ከተማ፣ ከዓሣ ማራገፊያው በላይ
ሥራ፦ የጋዝ ፍለጋ ጉድጓድ ግቢ ጥበቃ
ትምህርት፦ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብና መጻፍ እችላለሁ
ቃሉ የተሰጠው፦ ማክሰኞ የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡15፣ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ፖሊስ ጣቢያ

ዛሬ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቱን ስለሚያነሳ መስኮቱ ተዘግቷል። በክፍሉ ያለነው ቃሌን የሚጽፉት ሳጅን ምሥጋና ጥሩነህ እና እኔ ብቻ ነን። አቤቱታ ያቀረበው የጉድጓዱ ኃላፊ አቶ መልካሙ ልግባ ብሎ ውጭ እንዲጠብቅ ተነግሮታል። የተጠራሁት በምስክርነት ነው ተብያለሁ። በተከሳሽነትም ቢሆን የምሰጠው ቃል ይኸው ነው።

ግቢው ከደልጊ ወጣ ብሎ ከሐይቁ ዳር ይገኛል። ዋና ቢሮው ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር የሆነው ድርጅት በ2008 ዓ.ም. እዚያ አንድ ጉድጓድ ቆፈረ። ያገኘው ጋዝ ለሥራ የማይበቃ ሆኖበት ዘግቶት ሠራተኞቹን ወሰደ። እኔ ለቆፋሪዎቹ ልብስ አጥብ ነበር፤ እነሱ ሲሄዱ በጥበቃነት ቀረሁ። ስለ ጉድጓዱ የማውቀውን የተማርሁት ከተጣለ ወረቀት ነው። ከግቢው ቢሮ ቅርጫት የሚወጣውን አቃጥዪ ስባል አስቀድሜ አነበው ነበር። እንግሊዝኛውን ከአሮጌ መዝገበ ቃላት ጋር እያስተያየሁ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። መዝገበ ቃላቱ ከ"ኤም" ፊደል በኋላ ያለው ገጽ ስለጎደለ የቀረውን ከሥዕሉ ገመትሁ።

ጉድጓዱ ውስጥ ጠባብ የብረት ቱቦ አለ፤ በእሱ ዙሪያ ደግሞ ሰፊ ቱቦ አለ። ጋዙ በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ታፍኖ መቅረት አለበት። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ግፊት ከታየ፣ ከታች ቱቦውን ከመሬቱ ጋር ያያዘው ሲሚንቶ ወይም ቱቦው ራሱ የሚያሳልፈው ነገር አለ ማለት ነው። ይህን የሚያሳይ ጌጅ የሚሉት የግፊት መለኪያ አለ፤ የሚቆጥረውም በባር ነው፤ ከጎኑም የተጠራቀመውን ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ትንሽ ቫልቭ አለ። ፀሐይ ብረቱን ስታሞቀው ጌጁ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሲመሽ ይወርዳል። ስለዚህ ቀን የሚነበብ ቁጥር ያታልላል። እኔ የማነበው ዘወትር ጠዋት 12 ሰዓት፣ ብረቱ እንደ ቀዘቀዘ ነው። ባለፈው መስከረም ግፊቱ 2 ባር ነበር። ጥር ላይ 9 ሆነ። የካቲት 18 ቀን 14 ሆነ። ለአቶ መልካሙ አራት ጊዜ በጽሑፍ አስታውቄያለሁ። ሦስተኛውን ጽሑፌን እዚያው ቅርጫት ውስጥ አገኘሁት።

ሐሙስ የካቲት 19 ቀን፣ ጾም ከገባ በአራተኛው ቀን፣ ግቢውን የሚረከብ የከተማው ኮሚቴ እንደሚመጣ ተነገረኝ። ርክክቡ ሲያልቅ አጥሩ ተነሥቶ ዓሣ ጠባሾች ምድጃቸውን እዚያ ሊተክሉ ነበር። በጾም ዓሣ ስለሚፈለግ ተጣድፈው እንጨታቸውን ከዋዜማው ጀምረው ግቢ ውስጥ ከምረዋል። ክምሩ ከጉድጓዱ ራስ አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር፤ ረግጬ ለክቼዋለሁ።

በዚያው ቀን ጠዋት 12፡10 አቶ መልካሙ ብቻውን መጥቶ ትንሹን ቫልቭ ከፈተው። ጋዙ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል እያፏጨ ወጣ። ጌጁ ዜሮ ሲሆን ዘጋው። 3 ሰዓት ላይ ኮሚቴው ደረሰ። ሰብሳቢው አቶ ሰላሁዲን ናቸው፤ የከተማችን ነጋዴ ሽማግሌ ናቸው። አቶ መልካሙ ጌጁን አሳያቸውና "ዜሮ ነው፤ የሚያፈስ ነገር የለም" አላቸው። እኔ አልተጠየቅሁም። ያም ሆኖ ጠዋት ያየሁትን ተናገርሁ፤ የወጣው ጋዝ ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱ የሚታወቀው ቫልቩ ሳይነካ ሃያ አራት ሰዓት ሲጠበቅ ነው አልሁ።

አቶ መልካሙ ሳቀ። "እትዬ የሺ፣ ከመቼ ወዲህ ነው መሐንዲስ የሆኑት?" አለኝ።

"ቅርጫትህን ማንበብ ከጀመርሁ ወዲህ" አልሁት።

ከኮሚቴው የሳቁ ነበሩ። አቶ ሰላሁዲን አልሳቁም። "እህቴ፣ ጠባሾቹ ነገ ምድጃ እንተክላለን ብለዋል፤ ምን ልበላቸው?" ሲሉ ጠየቁኝ። አንድ ቀን ይታገሡ በሏቸው አልሁ። "የእናንተ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን አይደል? አንዱን ለእትዬ የሺ እንስጣት" ብለው ሳይፈርሙ ለማግስቱ 3 ሰዓት ቀጠሩ።

አቶ መልካሙ ሲወጣ ለሾፌሩ "በጠዋት ቀስቅሰኝ" ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ከኮሚቴው ቀድሞ ቫልቩን ዳግም ከፍቶ ሊያስተነፍስ እንደሚመጣ ገባኝ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ወደ ዘይነት ሱቅ ሄጄ ሰንሰለትና ጓጉንቸር ገዛሁ። ዘይነት ጎረቤቴ ናት። "እትዬ የሺ፣ ደሞ አንቺ ምን የሚሰረቅ አለሽ?" አለችኝ። "የነገ ጠዋት" አልኋት። እንድትመጣም ለመንኋት። ተመልሼ ሰንሰለቱን በትንሹ ቫልቭ እጀታ አዙሬ፣ ያለ ማንም ትእዛዝ፣ አውቄ ቆለፍሁት። ቁልፉን በማተቤ አሰርሁ። ግፊቱ 20 ባር ከደረሰ ራሴ ከፍቼ ለማስተንፈስ ወስኜ ከጌጁ ሳልርቅ አደርሁ። ከቅርጫቱ ባገኘሁት ወረቀት ላይ ሰፊው ቱቦ እስከ 60 ባር እንደሚችል ተጽፏል።

ዓርብ የካቲት 20 ቀን ጠዋት 11፡40 አቶ መልካሙ መጣ። ሰንሰለቱን አይቶ ክፈቺ አለኝ። እርስዎ ማለቱን ትቶ ነበር። አልከፍትም አልሁ። የድርጅት ንብረት ነው አለ። ቫልቩ የድርጅት ነው፣ ጓጉንቸሩ የእኔ ነው አልሁት። በብረት መፍጫ ማሽን አስቆርጠዋለሁ አለ። "መፍጫ ብልጭታ አለው። እዚህ ከምታስነሣው አንተም ሾፌርህም መጀመሪያ ራቁ" አልሁት። ሾፌሩ ወዲያው መኪናውን አስነሥቶ ከአጥሩ ውጭ አቆመው። አቶ መልካሙ ስልክ ለመደወል ተከትሎት ወጣ። እንደሰደብሁት በአቤቱታው ጽፏል፤ አልሰደብሁትም። እጄን ግን ከሰንሰለቱ ላይ አላነሣሁለትም፤ ዓይኔንም አልሰበርሁለትም።

12 ሰዓት ላይ ጌጁን አነበብሁ፤ 6 ባር ነበር። ዘይነት ነጠላዋን ደርባ ደረሰችና እሷም አነበበች። በጣሳ የሳሙና አረፋ መትቼ በጉድጓዱ ራስ ዙሪያ ባሉት ብሎኖች ላይ ቀባሁ። ከምሥራቅ በኩል ሁለተኛው ብሎን ሥር አረፋው እየተነፋ ይፈነዳ ጀመር። ዘይነት "ይተነፍሳል እንዴ!" ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ሰዓቱንና ቁጥሩን በደብተሬ ጻፍሁ፤ እሷም ፈረመች። ከዚያ የጠባሾቹን እንጨት ከአጥሩ ውጭ አወጣሁ። አሥራ ሰባት ሸክም ነበር። አሥራ አንዱን እኔ፣ ስድስቱን ዘይነት ተሸከምን። 3 ሰዓት ላይ አቶ ሰላሁዲን መጡ። መነጽራቸውን ጠርገው ጌጁን ሁለት ጊዜ አዩ። "ሰባት" አሉ። ሳይፈርሙ ብዕራቸውን ከድነው ወደ ኪሳቸው መለሱ። ኮሚቴው ሁሉ ካየ በኋላ ጓጉንቸሩን ራሴ ከፈትሁት። ሰንሰለቱን ፈትቼ ጠቀለልሁ። በዚያን ጊዜ አቶ መልካሙ ከግቢው እንድወጣ፣ ዳግመኛም እንዳልገባ አዘዘኝ። ከመውጣቴ በፊት በደብተሬ ከዓርቡ ቁጥር ሥር "ቅዳሜ የካቲት 21፣ ጠዋት 12 ሰዓት" ብዬ ጻፍሁና፣ ጌጁን ገብቼ ስለማላነበው፣ የቁጥሩን ቦታ ባዶ ተውሁት።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። ስለ ቫልቩ በሚናገረው ላይ "ሳላውቅ ቆለፍሁት" ተብሎ የተጻፈው በእኔ ጥያቄ ተሰርዞ "አውቄ" ተብሏል። የቀረው ያየሁትና ያደረግሁት ስለሆነ የምመልሰው ቃል የለም። ደብተሩን ሳጅን ምሥጋና ተመልክተውታል፤ ተመልሼ ጌጁን አንብቤ ከባዶው መስመር ሥር እስክቀጥል ድረስ ግን ከእጄ አይወጣም።

ቃል ሰጪ፦ የሺአረግ ቢያዝን (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ምሥጋና ጥሩነህ (ፊርማ)