ሙጫና ማስመሪያ

የመነጽሬ ብሎን ወልቆብኝ ምትክ ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው ደጃፍ ስደርስ አንድ ሽበታም ሰውና አንዲት ወጣት በአንድ ጠርሙስ ሙጫ ይከራከራሉ። ሰውየው ጠርሙሱን ለባለሱቁ ይመልሳል፤ ልጅቷ መልሳ ትቀበልና ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ባለሱቁ የማንን ቃል እንደሚሰማ ጨንቆት አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል።

ጠጋ ብዬ ሳይ ሽበታሙ ጎረቤቴ ነው። የታወቀ አርክቴክት ነው። ሰፈርተኛው ፊት ለፊት «ኢንጂነር»፣ ዘወር ሲል ደግሞ «ጋሽ ማስመሪያ» ይለዋል። ስሙም በከንቱ አልወጣለትም፤ እንግዳ ሆኖ በሄደበት ቤት እንኳ ወንበሩን ከግድግዳው ጋር እኩል ሳያደርግ አይቀመጥም። ወጣቷ የወንድሙ ልጅ ናት። እሷም በዚያው ሙያ ተመርቃ እሱ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች።

«ዳኛ ተገኘ!» አለ ሲያየኝ። «መምህር፣ በሞቴ ና። ይህችን ልጅ ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርናት ወረቀት እየቀደደች እንድትለጥፍ ነው?»

«እንደምን ዋሉ፣ መምህር» አለች ልጅቷ ጎንበስ ብላ። «ሙጫው ለሥራ ነው። ቢሮ ድረስ ቢመጡ አሳይዎታለሁ።»

ጡረታ የወጣ መምህር ክርክር ላይ ሲጋበዝ እምቢ የሚልበት አቅም የለውም። ብሎኔን ረስቼ ተከተልኳቸው።

ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ማስመሪያዎቹ በቁመታቸው ተራ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። በትልቁ ጠረጴዛ አንድ ጫፍ ጉድፍ የሌለበት ንድፍ ተዘርግቷል፤ በሌላው ጫፍ የተቆራረጠ ፎቶ፣ የጋዜጣ ብጫቂ፣ የጆንያ ቁራጭ፣ የአውቶቡስ ትኬትና ሰማያዊ ላስቲክ ተከምሯል። ሁለቱን ጫፎች ያየ ሰው ሁሉ ጠባቸውን ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በአውቶቡስ ፌርማታውና በአትክልት ተራው መካከል ባለው የማዕዘን ቦታ ላይ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ሊያሠራ ንድፍ ጠይቋል። ዓርብ ኮሚቴው ያያል። ወዳጄ ከዚህ ሥራ በኋላ ቢሮውን ለልጅቷ አስረክቦ ሊያርፍ ነው።

«እስከ ዛሬ የሠራሁትን ሕንፃ ሰው አድንቆ ያልፋል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኼኛው ግን ሰው የሚገባበት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ከዚህ በኋላ ሌላ አልሠራማ።»

ያ ኩሩ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ንድፉን አየሁት። ሰፊ ደረጃ ወደ ዋናው መንገድ ወርዷል፤ መስኮቶቹ ቀኝና ግራ እኩል ናቸው። ከሕንፃው በፊት ቦታው ምን እንደነበረ የሚያሳየው ሉህ ደግሞ ነጭ ወረቀት ሆኖ በመካከሉ በዚያ ውብ እጅ ጽሑፉ «ባዶ ቦታ» የሚል ሰፍሮበታል።

«ታዲያ ምን ጎደለው?» ብዬ ልጅቷን ጠየቅኳት።

«አንድም መስመር አልጎደለውም፣ መምህር። ይህ ሕንፃ ግን የትም ቢተከል ያው ነው። እኔ የምለው፣ ሕንፃው ምን ይምሰል ከማለታችን በፊት ቦታው ምን እንዳለው እንይ ነው። ከቦታው ያገኘነውን ፎቶ፣ ጨርቅ፣ ወረቀት ቆራርጠን ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ እያነሳን፣ እያዟዟርን፣ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረብን እናያለን። ኮላጅ ይሉታል። የሕንፃው ሐሳብ ከዚያ ይወጣል።»

«ከሙጫ ሐሳብ ሲወጣ!» አለ አጎቷ። «ይኼ የመዋዕለ ሕፃናት ጨዋታ ነው። ልኬት የለው፣ ሚዛን የለው። እየው እስቲ፣ እዚህ የጀመረችው ላይ ሰውየው ከአውቶቡሱ ይበልጣል!»

«እዚያ ቦታ ላይ አውቶቡሱ ደቂቃ አይቆይም፣ አጎቴ። ሰውየው ግን ሲጠብቅ ይውላል። ለዚህ ነው ያተለቅሁት።»

«አየህ? መልስ አታጣም!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ሌላም አለ። እንዲህ ያለ ሥዕል ብዙ አይቻለሁ። ዛፍ በማይበቅልበት ዛፍ ይለጥፋሉ፤ ፊኛ የያዘ ሕፃን ይጨምራሉ፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሕንፃው ሲያልቅ ዛፉም የለ፣ ሳቁም የለ። መስመር ግን አይዋሽም።»

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገሩ ልቤ ገባ፤ ለእሱ ልፈርድለት ምንም አልቀረኝም። ልጅቷ የጆንያውን ቁራጭ አነሳች።

«ልክ ነዎት» አለች። «እሱ ማታለል ነው። እኔም ስለዚህ ከቦታው ያላገኘሁትን ላልለጥፍ ወስኛለሁ። ይህ ጆንያ ከአትክልት ተራው ነው። ላስቲኩ ዝናብ ሲመጣ ነጋዴዎቹ የሚዘረጉት ነው፤ ትኬቱን ከመሬት አነሳሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አጎቴ፣ መስመርም ዝም ብሎ በማለፍ ሊዋሽ ይችላል። ያ ቦታ ባዶ አይደለም።»

«የቦታውን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ራሴ ነኝ! አንድ ሰው አይታይበትም።»

«በስንት ሰዓት አነሡት?»

«በማለዳ ነዋ! ሰው ከበዛ ቦታውን ይከልለዋል። ይህን ለሁላችሁም አስተምሬያለሁ፤ አላፊ አግዳሚው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ለካ በዚያ ቢሮ ለሰው የሚሠራ ሕንፃ ቦታው የሚጠናው ሰው ከአካባቢው ሲጠፋ ኖሯል! እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው የተማረና ጥንቁቅ ሰው ብቻ ነው፤ ግድ የለሽማ ያገኘውን አንስቶ ይሄዳል።

«እኔ የሄድኩት በቀትር ነው» አለች ልጅቷ፤ አንድ ትልቅ ፎቶ ዘርግታ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተች። «የእርስዎን ሕንፃ በልኩ ከወረቀት ቆርጬዋለሁ። እባክዎ እርስዎ ራስዎ ይለጥፉት። ሕንፃው የሚያርፍበትን ግን መጀመሪያ ከፎቶው ላይ በመቀስ ቆርጠው ያውጡ። ሕንፃው ሲሠራ ያ ሁሉ ይነሳላ።»

«በዚህ ከተላቀቅን ምን ቸገረኝ!» ብሎ መቀሱን ተቀበለ። መቼም ጋሽ ማስመሪያ ነውና ሲቆርጥ እንኳ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። የቲማቲም ሣጥኖቹ ወጡ። ቦታውን አግድም አቋርጦ ከፌርማታው ወደ ተራው የሚወስደው የእግር መንገድ ወጣ።

«ይኼ መንገድ አይደለም፤ ሰው ረግጦት ነው» አለ።

«መንገድ ሌላ በምን ይሠራል?» አልኩት። ገላመጠኝና ቀጠለ።

ቦታው ላይ ከቀረ የአንድ አሮጌ መጋዘን ግድግዳ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ሰዎች በተርታ ተቀምጠዋል። መቀሱ እዚያ ደርሶ ቆመ። እጁን የደከመው መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሰዎቹ መካከል አንዲት ሴት አንድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የገዛ ባለቤቱ ናቸው።

«ይህቺ…» አለ። «እዚህ ምን ትሠራለች?»

ልጅቷ ደነገጠች። «እኔ አላየኋቸውም፣ አጎቴ። ሰው ብዙ ነበር። ጉልበታቸውን ታክመው ሲመለሱ ይሆናል። አውቶቡሱ ሲዘገይ ጥላ ያለው እዚያ ግድግዳ ሥር ብቻ ነው።»

«በአውቶቡስ እመለሳለሁ ትለኛለች። የት እንደምትጠብቅ ግን ጠይቄያት አላውቅም።»

መቀሱን አስቀመጠ። ስንት ጊዜ ያሾፍኩበት ወዳጄ እንዲህ ትከሻው ወርዶ ሳየው አዘንኩለት፤ ቀልዴም ጠፋብኝ።

«እሺ፣ ግድግዳው ይቆይ» አለ። «ታዲያ ሕንፃዬን የት ላድርገው?»

«ይህንኑ ነው ሰሌዳውን የምንጠይቀው» አለች ልጅቷ። ያልተቆረጠ ሌላ የቀትር ፎቶ ሰሌዳው ላይ ለጥፋ የወረቀቱን ሕንፃ በእግር መንገዱ ላይ አስቀመጠችው። ሰው አላሳልፍ አለ። አዞረችው፤ ግድግዳውን ደፈነው። ያን ጊዜ አጎቷ ራሱ አንስቶ ከመሀል ለሁለት ቀደደው። ዓይኔን አላመንኩም። መንገዱ በሁለቱ ቁራጮች መካከል አለፈ። ሰማያዊውን ላስቲክ ስቦ ከአንዱ ቁራጭ እስከ መጋዘኑ ግድግዳ ዘረጋው፤ ለሚጠብቁት ሰዎች ረጅም ጣሪያ ሆነላቸው።

«መጠበቂያው ራሱ የቤተ መጻሕፍቱ መጀመሪያ ይሁን» አለ የጋዜጣውን ብጫቂ ከጣሪያው ሥር እየለጠፈ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። «ሰው ቁጭ ይላል። አጠገቡ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ የዕለቱ ጋዜጣ። ከዚያ በሩ። ደረጃው ለምን ወደ ዋናው መንገድ ይወርዳል? በዚያ በኩል ማን ይመጣል? በሩን ወደ እግር መንገዱ አዙሪው!»

«አዞርኩት። አሁን የጣሪያው ቁመት፣ የምሰሶው ርቀት፣ የዝናቡ ውኃ መውረጃ በልኩ መሠራት አለበት። እዚህ ላይ እኔ እርስዎን አልደርስብዎትም።»

«ሙጫው ልኬት አያውቅማ!» ብሎ ፈገግ አለ። «ዓርብ ግን ሁለቱንም እንወስዳለን። ሰሌዳው ከፊት፣ ንድፉ ከኋላ።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የጻፍኩት ማስመሪያ ይጣል ለማለት አይደለም። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተቀደደ ሕንፃ ማንንም አይጎዳም፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ የሚታወቅ ስህተት ግን የልጅ ልጅ ይወርሰዋል። ቆርጦ የሚለጥፍ ሰው የሚያነሳውን ነገር በእጁ ይዞ ያየዋል፤ ስለዚህ ሊነሳ የማይገባውን አያነሳም። ቢሳሳትም ሙጫው ሳይደርቅ ያስተካክላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ንድፍ የሚያነቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ፌርማታውን ግን የማያውቀው የለም።

ይህን የመጨረሻውን ለማስረዳት ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። የወዳጄ ባለቤት አብረውት ወደ ቤት ሊሄዱ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጥተው ገቡ። ሰላምታ ሰጥተውን ሲያበቁ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ አረፈ።

«ይኼ ፌርማታው አይደል እንዴ?» አሉ። ጣታቸውን በእግር መንገዱ አስኬዱት። «በዚህ እመጣለሁ። ዝናብ ቢመጣ ከዚህ ሥር እገባለሁ። ይኼ ጋዜጣ ለማንም ነው? ደግ ነው። መቀመጫው ግን ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ መነሳቱ ያቅተኛል።» ከዚያም ወደ ባላቸው ዞሩ። «ስንት ዘመን ጠረጴዛህ ላይ ያለውን ሳይ ኖሬ፣ ዛሬ ገና ገባኝ።»

ጋሽ ማስመሪያ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ባለቤቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው ይለካ ጀመር።

«ሰው ፊት ምን መሆንህ ነው?» አሉ እያፈሩ።

እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘርግቶ ልኩን ፎቶው ላይ፣ ከግድግዳው ሥር ጻፈው። ከተንበረከከበት ግን አልተነሳም። «ሌላስ ምን ይከብድሻል? ንገሪኝ» አላቸው።

እሳቸውም ወንበር ስበው ተቀመጡና መናገር ጀመሩ፤ ብዙ ነበር።