ሰይድ ሳይገባ የቀረ ለት

ደሴ፣ ማክሰኞ ማለዳ፤ አቶ ይመር አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው አስካለ ጫማቸውን ይዛ ፊታቸው ቆማለች፣ ወደ ኩላሊት እጥበት የሚወስዳቸው ባጃጅ በር ላይ ነው።

አስካለ፦ ጫማህን አድርግ አልኩህ እኮ፣ አባዬ። ባጃጁ ቆሟል።

አቶ ይመር፦ ይቁም። ባጃጅ መቆም አይሰለቸውም።

አስካለ፦ ሹፌሩ ይሰለቸዋል።

አቶ ይመር፦ እንግዲያው ይሂድ በይው። እኔ አልሄድም።

አስካለ፦ ባለፈውም አልሄድም ብለህ ሄደሃል። ከዚያ በፊትም እንዲሁ። ማክሰኞና አርብ በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጸሎት።

አቶ ይመር፦ ያ ኩርፊያ ነበር። የዛሬው ኩርፊያ አይደለም። ነይ እስቲ ተቀመጪ።

አስካለ፦ አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ ወሬ ትጀምራለህ፣ ወሬ ከጀመርክ ተራህ ያልፋል፣ ተራህ ካለፈ ያቺ ነርስ የምትጮኸው እኔ ላይ ነው። ምን ሆነሃል ዛሬ? አመመህ?

አቶ ይመር፦ ሁለት ኩላሊቱ የሞተበትን ሰው «አመመህ ወይ» ይሉታል?

አስካለ፦ ቀልዱን ተወው!

አቶ ይመር፦ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ጨው ከለከላችሁኝ። ውሃ በጠብታ ሆነ። ሙዝ መርዝህ ነው፣ ብርቱካን መርዝህ ነው አላችሁኝ። በሉ ቀልድም ፖታሺየም አለው በሉና ገላግሉኝ።

አስካለ፦ አባዬ፣ በማርያም ይዤሃለሁ። ደክሞኛል። ዛሬን ብቻ ሂድልኝ።

አቶ ይመር፦ «ዛሬን ብቻ» ስትዪኝ አይደል እንዴ ዓመቱ ያለቀው?

አስካለ፦ የብሩ ነገር አሳስቦህ ከሆነ ካሳሁን እልካለሁ ብሏል።

አቶ ይመር፦ ወንድምሽ ይባረክ። ብር አይደለም። ገላዬ ነው እምቢ ያለው። ማሽኑ ደሜን አውጥቶ ሲመልስልኝ የሚመለሰው የእኔ አይመስለኝም። ከዚያ የወጣሁ ለት አልጋ፣ በማግስቱም አልጋ፣ እፎይ ብዬ ቀና ስል ደግሞ አርብ ደረሰ። ይሄ ኑሮ ነው?

አስካለ፦ ሌላው ሰው እንዴት ቻለው ታዲያ? ጋሽ ሐሰን ካንተ ቀድመው ጀምረው እስከ ዛሬ እየሳቁ ነው የሚመጡት።

አቶ ይመር፦ ሐሰን የሚድራት ልጅ አለችው። ሰርጓን ሳላይ አልሞትም ብሏል፣ ደግ አደረገ። ሰው የሚጠብቀው ካለው ይጠብቃል።

አስካለ፦ አንተ የምትጠብቀው የለህም? እኔስ?

አቶ ይመር፦ ለአንቺ ስል አይደል እስካሁን የሄድኩት? ለራሴማ ቢሆን ገና ዝናብ ሳይገባ ትቼው ነበር።

አስካለ፦ ምን እያልክ እንደሆነ ገብቶሃል? ራስን መግደል እኮ ነው! ፍትሐት የሌለው ሞት ነው!

አቶ ይመር፦ ቄስ ሞገስን ጠይቄያቸዋለሁ።

አስካለ፦ መቼ?

አቶ ይመር፦ አንቺ ገበያ የሄድሽ ለት።

አስካለ፦ እሺ፣ ምን አሉ?

አቶ ይመር፦ መጀመሪያ መስቀላቸውን አገላበጡ። ከዚያ «ይመር፣ መጽሐፉ ሲጻፍ ይሄ ማሽን አልነበረም» አሉኝ። ገመድ ብታስር፣ መርዝ ብትጠጣ አልፈታህም፤ ይሄን ግን ልፍረድ ብል አፌ አይደፍርም፤ እጸልይልሃለሁ፣ አሉኝ።

አስካለ፦ ይሄ ታዲያ ፈቃድ ነው?

አቶ ይመር፦ አይደለም። ግን እርግማንም አይደለም። ዶክተሯንም ጠየቅኳት።

አስካለ፦ ጉድ እኮ ነው! እሷስ ምን አለች?

አቶ ይመር፦ «አባባ፣ እጅዎን ይዤ ማሽን ላይ አላስርዎትም። ምርጫው የእርስዎ ነው። እንዳያምዎት ማስታገሻ እሰጥዎታለሁ። ግን ልጅዎን ያሳምኑ» አለችኝ። ልጅዎን ያሳምኑ! ቀላሉን ሥራ ለራሷ ወሰደች።

አስካለ፦ ቄሱ ሰምተዋል፣ ዶክተሯ ሰምታለች፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ! እኔ ነኝ አይደል ሱቄን ዘግቼ በሳምንት ሁለቴ አግዳሚ ላይ የምውለው? ለእኔ ነው የማይነገረኝ?

አቶ ይመር፦ ሳይነገሩ መቅረት ያበግናል፣ አይደል?

አስካለ፦ ምን ማለትህ ነው?

አቶ ይመር፦ ምንም።

አስካለ፦ ያ ሬዲዮ ነው ያበላሸህ። እዚያ ፈረንጅ አገር በመርፌ እየተወጉ ይሞታሉ የተባለ ለት ጆሮህን ለጥፈህ ስትሰማ አይቼሃለሁ።

አቶ ይመር፦ መርፌ ማን ጠየቀሽ? ሞትን ጥሩልኝ አላልኩም። እየመጣ ከሆነ መንገድ ላይ ድንጋይ አትደርድሩበት ነው የምለው።

አስካለ፦ እደረድራለሁ! ከበሩም እመልሰዋለሁ።

አቶ ይመር፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ጸጉሬ እስኪሸብት የዚህ ሰፈር እድር ጥሩምባ ነፊ ነበርኩ። ከበር የተመለሰ ሞት አላየሁም።

አስካለ፦ ጥሩምባህን አታንሳብኝ። ትምህርት ቤት «የሞት ልጅ» ይሉኝ ነበር ባንተ ጥሩምባ። በማለዳ ስትወጣ ሰው ሁሉ ያማትብ ነበር።

አቶ ይመር፦ ቢያማትብም በደንቡ ነው የሠራሁት። በጽኑ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ስደርስ ጥሩምባዋን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ፣ እንደ ሌባ ኮቴዬን አጥፍቼ ነው የማልፈው። ሰይድንም ሥራውን ሳወርሰው በመጀመሪያ ያስተማርኩት ያንን ነው።

አስካለ፦ አውቃለሁ።

አቶ ይመር፦ ይኸው አሁን የእኛን በር በዝምታ ያልፈዋል። ከላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲነፋ እሰማዋለሁ፣ እዚህ ሲደርስ ጭጭ፣ ከዚያ ታች ቧንቧው ጋ። ሰፈሩን ጨርሶ ሲመለስ ግን ይገባል። እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ ይልና «ጋሼ፣ የዛሬው እገሌ ናቸው» ይለኛል። እኔም ነፍስ ይማር እላለሁ። እንዲህ ነበር ስምምነታችን።

አስካለ፦ አሁን ይሄን ምን አመጣው? ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ ነው፣ አትሰማም?

አቶ ይመር፦ አንድ ቀን ነፋ፣ አልገባም።

አስካለ፦ ሥራ ኖሮበት ይሆናላ።

አቶ ይመር፦ ላይ ነፋ፣ እዚህ ዝም አለ፣ ታች ነፋ። ሻይ አስቀምጬ ጠበቅኩት። አልገባም። በማግስቱም ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ ቀረ። ዝናብ አስቀርቶት የማያውቅ ሰው!

አስካለ፦ አባዬ፣ ተነስ እንሂድ።

አቶ ይመር፦ የዚያኑ ቀን ስልክህ ተበላሽቷል ብለሽ ወሰድሽብኝ። እታለም በየእሁዱ ነው የምትደውልልኝ፤ ምነው ጠፋች ስልሽ «መርሳ ኔትወርክ የለም» አልሽኝ። የምን ኔትወርክ ነው ከአገሩ ሁሉ ለይቶ የእኔን እህት ብቻ የሚያጠፋ?

አስካለ፦ አባዬ፣ ተው።

አቶ ይመር፦ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ትወጪያለሽ፣ ስትመለሺ በር ላይ ቆመሽ ታቃኚዋለሽ። መስኮት አለ እኮ በዚህ ቤት! ኩላሊቴ እንጂ ዓይኔ መቼ ሞተ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገራችን።

አስካለ፦ እያወቅክ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልከው?

አቶ ይመር፦ ምን ላድርግ? ጓዳ ገብተሽ አፍሽን በፎጣ አፍነሽ ስታለቅሺ እየሰማሁ «ደርሼብሻለሁ» ልበልሽ? ደክመሽበት የደበቅሽው ነገር ነው ብዬ አዘንኩልሽ። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የድርሻዬን አለቀስኩ። አንድ ቤት ውስጥ ተደባብቀን አለቀስን።

አስካለ፦ ደምህ ከፍ ይልብሃል ብለን ነው። ካሳሁንም እንዳትነግሪው ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሰይድን በር ላይ ጠብቄ እንዳትገባ ያልኩት እኔ ነኝ። ምን ታደርግ ነበር? የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም።

አቶ ይመር፦ ደንቡንማ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ጥሩ ደንብ ነው። ግን ለሚድን ሰው ነው።

አስካለ፦ እንዲህ አትበለኝ።

አቶ ይመር፦ አሁን ንገሪኝ።

አስካለ፦ ታውቀው የለም እንዴ?

አቶ ይመር፦ ማወቅና መነገር አንድ አይደለም። ስንቱ ሲያውቀው ሰንብቶ ጥሩምባዬን ሲሰማ ነው እሪ ያለው። እኔንም እንደ ሰው ቁጠሪኝና ንገሪኝ።

አስካለ፦ አባዬ... እህትህ... እህትህ ላቀች አርፋለች። እግዚአብሔር ያጽናህ።

አቶ ይመር፦ ውይ እታለም! ውይ፣ እናቴ፣ አዝላ ያሳደገችኝ! እታለም! ...ተዪኝ፣ ምንም አልሆንም። ውሃው ይቅር። እጄን ብቻ ያዢኝ።

አስካለ፦ ይዤሃለሁ። አልቅስ፣ ይውጣልህ።

አቶ ይመር፦ እንዴት ሆና ነው የሞተችው?

አስካለ፦ ቤቷ ነው። ጉበቷ ነው አሉ። ሆስፒታል እንውሰድሽ ቢሏት እምቢ አለች። አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ፣ የብርቱካን ዛፌን እያየሁ ልተኛ አለች። ማታ ትንሽ አጥሚት ቀመሰች። ጠዋት ልጇ ልትቀሰቅሳት ስትገባ...

አቶ ይመር፦ ታድላ!

አስካለ፦ ኧረ እንዲህ አይባልም!

አቶ ይመር፦ ታድላለች! ጫማሽን አድርጊ ያላት የለም።

አስካለ፦ እኔ ክፉ ነኝ ማለት ነው?

አቶ ይመር፦ አንቺ? ያንቺን ዓይነት ልጅ የት ይገኛል? ግን እሷን እሺ አሏት። እኔን እሺ የሚለኝ አጣሁ። አርባዋ ነገ ነው።

አስካለ፦ ቆጥረህ ነበር?

አቶ ይመር፦ ሰይድ ካልገባበት ለት ጀምሬ። ዛሬ ካልተነሳሁ አልደርስም። ዛሬ ማሽኑ ላይ ከተጋደምኩ ደግሞ ነገ ራሴን ከትራሱ አላነሳም። ቀብሯ ቀረብኝ፣ አርባዋም ይቅርብኝ? የሰው ሁሉ ሞት ነጋሪ የእህቱ ለቅሶ ይለፈው?

አስካለ፦ እሺ። ቆይ እሺ፣ ለአርባው እንሂድ። ለዶክተሯ ደውዬ ምን ልጠንቀቅ እላታለሁ። አርብ ግን ትመለሳለህ። ማልልኝ።

አቶ ይመር፦ አልምልም።

አስካለ፦ በእማዬ አጥንት ማልልኝ!

አቶ ይመር፦ እናትሽን አታስገቢያት። መደባበቁ ይብቃን፣ አስካለ። አርብ ተመልሼ እዚያ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ ብልሽ እየዋሸሁሽ ነው። እታለም ግቢ ቁጭ ብዬ፣ ከዚያ ብርቱካን አንድ ልጬ፣ አንድ ጣሳ ውሃ እስኪበቃኝ መጠጣት ነው ያማረኝ።

አስካለ፦ ውሃው ሳንባህ ገብቶ ስትታፈን ማን ነው የሚያይህ? እኔ! አንተማ ትገላገላለህ። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ይሄን ጫማ የማየው እኔ ነኝ። «ባስገድደው ኖሮ» እያልኩ ስነድ የምኖረው እኔ ነኝ። እፈራለሁ፣ አባዬ!

አቶ ይመር፦ እኔስ አልፈራም? ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል እኮ። ሞትን ለፈለፍኩት እንጂ መች ለመድኩት። ብቻዬን እየፈራሁ ደከመኝ። አብረን እንፍራ።

አስካለ፦ ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልል ነው? ገደለችው ቢሉኝስ?

አቶ ይመር፦ ለእህቱ ለቅሶ አደረስኩት በያቸው። ከዚህ በላይ የሚጠይቅሽ ካለ የእድሩ ዳኛ ጋ ላኪው፣ መቀጮ ያስከፍለዋል።

አስካለ፦ ሞትህንም በቀልድ ልታደርገው ነው።

አቶ ይመር፦ ባጃጁ ሞተር አስነሳ። ሊሄድልሽ ነው።

አስካለ፦ አንተ ሰውዬ! ባለ ባጃጅ! ቆይ፣ እየመጣን ነው! ...አይ፣ እጥበቱ ጋ አይደለም! መናኸሪያ ነው የምታደርሰን!

አቶ ይመር፦ አስካለ።

አስካለ፦ ምን?

አቶ ይመር፦ ነጠላሽን አዘቅዝቂው። ከእንግዲህ በር ላይ አታቃኚው።

አስካለ፦ ይኸው።

አቶ ይመር፦ አርብስ?

አስካለ፦ አርብ ያንተ ነው። በል ጫማህን አድርግ፣ በመርሳ የሚያልፈው የወልድያው መኪና ሞልቶ እንዳይሄድብን።